ደብዳቤ ለልጄ፦ ለብቻው የሚያመልጥ አገር የለም

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶናል። እናትሽ ሁለት ጊዜ ካነበበችው በኋላ አንድም ቃል ሳትናገር ለእኔ አቀበለችኝ፤ ዝምታዋ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። የአየር ንብረት ለውጥ ድርድሩ ስብሰባ ከተያዘለት ቀን አልፎ እስከ ንጋት መዝለቁን፣ በቂ እንቅልፍ ሳታገኚ መሰንበትሽን፣ በመጨረሻም ወራት የደከማችሁበት አንቀጽ በጥቂት አገሮች ተቃውሞ ከሰነዱ መውጣቱን ጽፈሻል። ይህ ያሳዝናል እንጂ አያስደነግጥም። ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ ያሰፈርሽው ነው፦ «ከእንግዲህ እያንዳንዱ አገር የራሱን ግንብ ይገንባ፤ እኔም ከድርድሩ ቡድን ወጥቼ የራሳችንን ብቻ የሚያድን ሥራ ልፈልግ» ብለሻል። እንዲህ ያለ ቃል ከአንቺ ብዕር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። በስልክ ብመልስልሽ እንደ ልማድሽ ታቋርጪኛለሽና በጽሑፍ ላድርገው።

አንድ ነገር ደጋግሜ እንደምነግርሽ ከወዲሁ እወቂው። ለብቻችን እንድናለን የሚለውን ሐሳብ አትመኚው። ክፉ ሰው ቢናገረው አትመኚው፤ ቅን ሰው ቢናገረው አትመኚው፤ አንቺው ራስሽ ድካም በተጫነሽ ሌሊት ብትናገሪውም አትመኚው።

የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት አየርን በመለካት ስለሆነ ምክንያቴንም ከአየሩ ልጀምር። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድን መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል 315 ያህሉ የዚህ ጋዝ ነበሩ፤ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት 280 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ያ ተራራ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የቆመ ነው፤ በዙሪያው ይህን ሁሉ ጭስ የሚያወጣ ፋብሪካ የለም። በደቡብ ዋልታ በበረዶ ላይ ያለው ጣቢያም በጥቂት ልዩነት ያንኑ ቁጥር ይመዘግባል። ከየትኛውም ጭስ ማውጫ የወጣ ካርቦን ከብዙ ጊዜ በፊት ድንበሩን ተሻግሮ ከሁሉም ጋር ተቀላቅሏል፤ ከፊሉም በአየር ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አንድ አገር ነገ ጠዋት ልቀቱን ወደ ዜሮ ቢያወርድ የሚተነፍሰው አየር የሌሎቹም ነው። በዛሬው ዓመታዊ ልቀት ቀዳሚዋ ቻይና ከዓለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ትለቃለች፤ ከጥንት እስከ ዛሬ የተጠራቀመው ከተቆጠረ ደግሞ ትልቁ ድርሻ የአሜሪካ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ብቻቸውን ሙቀቱን ሊያቆሙት አይችሉም። ኃያሉ ያልቻለውን ትንሹ ለብቻው እንዴት ይቻለው?

«እንግዲያውስ ልቀቱን እንተወውና ከሚመጣው አደጋ ራሳችንን እንከላከል» ትይኛለሽ፤ ግንቡ ይህ መሆኑ ገብቶኛል። እ.ኤ.አ. የ2010ን ሐምሌና ነሐሴ አስታውሺ። ከሥራ አምሽቼ እየመጣሁ ካርታ የምዘረጋበት፣ አንቺም ያ የከበበው መስመር ለምን እንደማይንቀሳቀስ የምትጠይቂኝ ጊዜ ነበር። በምዕራብ ሩሲያ ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ለሳምንታት ተቀምጦ አልነቃነቅ አለ፤ ደኑና በበሰበሰ ዕፅዋት የተሞላው ረግረጋማ መሬት ተቃጠለ፤ በሙቀቱ ሳቢያ ወደ 55,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ጄት ስትሪም የሚባለው የላይኛው ፈጣን ነፋስ ሩሲያ ላይ ወደ ሰሜን በተለጠጠበት በዚያው ማዕበል ወደ ደቡብ ታጥፎ ከፓኪስታን ዝናም ጋር ተጋጠመ፤ የኢንደስ ወንዝ ሞልቶ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ 20 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ተጎዳ። ሩሲያም የስንዴ ምርቷ ክፉኛ ስለቀነሰ በነሐሴ ወር እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ የዓለም የስንዴ ዋጋም ወዲያው ናረ። ልብ በይ፤ እሳቱንም ጎርፉንም ያላዩ፣ ሰማያቸው ሰላም የነበረ አገሮች ዳቦ ተወደደባቸው። እነርሱን የትኛው ግንብ ያድናቸው ነበር?

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ደግሞ ይብሳል፤ ያኔ ጥፋቱ የሰማይ አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የዓለም የሩዝ ምርት በቂ ነበር። ይሁን እንጂ ሕንድና ቬትናም ለራሳችን ይቅደም ብለው ሩዝ መሸጥ ሲገድቡ፣ ገዢዎቹ ደግሞ በፍርሃት ሲሻሙ፣ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት እጥፍ ያህል ዘለለ። ያረጋጋው ምን ነበር? ጃፓን በመጋዘኗ ያከማቸችውን ሩዝ ለመልቀቅ ዝግጁ መሆኗን ማስታወቋ፣ አሜሪካም በዚህ መስማማቷ ነበር፤ ገና መርከብ ሳይጫን ዋጋው መውረድ ጀመረ። እያንዳንዱ ለብቻው ለመዳን ሲሮጥ ያልነበረ ረሃብ ሊፈጠር ተቃርቦ ነበር። ለዚህ ነው አትመኚው የምልሽ።

ራስ ምታቱ ተመልሶ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሚና ተኚ፤ ቀሪው ነገ ይደርሳል። የአስም መድኃኒትሽን በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ ባለፈው ጉዞሽ ሻንጣው ሲዘገይ ምን እንደሆንሽ እናትሽ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

የወንዙን ሌሊት ታውቂዋለሽ፤ እናትሽ ስለምትከለክለኝ ግን ሙሉውን ሰምተሽው አታውቂም። ለሙያው አዲስ በነበርኩበት ጊዜ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራ ነበር። ወንዙ የሚመነጨው ከድንበሩ ማዶ ስለሆነ የማዶዎቹ ጣቢያዎች የለኩትን ዝናብ በየሦስት ሰዓቱ በሬዲዮ ይልኩልን ነበር፤ እኛም የእኛን እንልክላቸዋለን። ሁለቱ መንግሥታት ተጣሉና ድንበሩ ተዘጋ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቁጥሮቹም ቀሩ። በዚያ ሌሊት የእኛ ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። ከፊቴ ባለው መዝገብ ላይ የማዶው ዓምድ ባዶ ነበር፤ ባዶ ዓምድ ደግሞ ዝናብ የለም ማለት አይደለም፤ አላውቅም ማለት ነው። ጎህ ሳይቀድ ወንዙ በደረሰበት ሁሉ ሰው ተኝቶ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ የሙያ ሥልጠና ላይ ከማዶ የመጣ አዛውንት ከአጠገቤ ተቀመጠ። ስንጨዋወት ያን ሌሊት እርሱም ተረኛ እንደነበረ አወቅን። ዝናቡን በየሰዓቱ እየወጣ ለክቶታል፤ በመዝገቡም ጽፎታል፤ የሚልክበት ሬዲዮ ግን በትእዛዝ ታሽጎ ነበር። «የጻፍኩት ማንም እንደማያነበው እያወቅሁ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ከዚያ በላይ መናገር አልቻልንም። ልጄ፣ በዚያ ሌሊት ያስፈልግ የነበረው ገንዘብ አልነበረም፤ ግድብም አልነበረም፤ የታወቀ፣ የተለካ፣ በወረቀት ላይ የተቀመጠ አንድ ቁጥር ነበር። ይህ ነገር በዕድሜዬ ሁሉ አብሮኝ ኖሯል፤ አንቺ ወደ ድርድሩ ስትገቢ ከማንም በላይ የተደሰትኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከታላላቆቹ ጠብ ሁሉ መካከል የአየር ጠባይ መረጃ ሳይቋረጥ ያለፈባቸው ዘመናት እንደነበሩ ደግሞ አትርሺ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲቋቋም ከ1873 ጀምሮ በነበረ የባለሙያዎች ማኅበር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የዓለም የአየር ጠባይ ቅኝት የተባለው ሥርዓት የተዘረጋው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር ሚሳይል በሚፈላለጉበት ዘመን ነው። በአንታርክቲካው የቮስቶክ ጣቢያ የሶቪየት ሰዎች የጥንት አየር የታሰረበትን በረዶ ቆፈሩ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች አጓጓዙት፣ የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች መረመሩት፤ የ160,000 ዓመታት ሙቀትና ካርቦን አብረው ሲወጡና ሲወርዱ እንደኖሩ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። በዛሬዋ ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አውሎ ነፋስ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ከባሕሩ ዳር ሸሽቶ ነበር፤ በሕንድና በባንግላዴሽ የሞቱት በድምሩ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። መጠለያውን የሠሩት፣ በየመንደሩ ማስጠንቀቂያ ያደረሱት ባንግላዴሾች ራሳቸው ናቸው፤ ክብሩም የእነርሱ ነው። ሳተላይቱ ግን የሌሎች አገሮች ነበር፤ የአካባቢውን የአውሎ ነፋስ ማሳሰቢያ ለሁሉም የሚያወጣውም የኒው ዴልሂው ማዕከል ነው።

አሁን ስለተናደድሽበት ነገር። ድርድሩ አዝጋሚ ነው፤ ልክ ነሽ። የሪዮው የአየር ንብረት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲፈረም አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር። ልቀትን ለመቀነስ የተደረገውን ውል፣ የኪዮቶን ፕሮቶኮል፣ አሜሪካ ሳታጸድቀው ቀረች፤ ካናዳም ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገን ሀብታሞቹ አገሮች ለድሆቹ በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማሰባሰብ እንደርሳለን ብለው ቃል የገቡት የተሟላው በ2022 ነው። እ.ኤ.አ. 2024 ሙቀት መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ሞቃቱ ዓመት ሆኖ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። አሜሪካ ከፓሪሱ ስምምነት ወጥታ፣ ተመልሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 እንደገና ለመውጣት አስታወቀች። ይህን ሁሉ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን ከፓሪስ በፊት የዓለም ጉዞ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ነበር፤ ዛሬ የአገሮቹ ዕቅድ ከ3 ዲግሪ በታች ያደርሰናል። ይህም ቢሆን አደገኛ ነው፤ አይበቃምም። ሆኖም በ4 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት የሚያህል ሥራ በየትኛው ግንብ ሥር ተሠርቶ ያውቃል?

እኔ ከሁሉ ይልቅ እንድታስቢው የምፈልገው የኦዞንን ነገር ነው፤ የሠራሁበትም ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሼርዉድ ሮውላንድ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚሠራበት ክሎሮፍሎሮካርቦን ከፀሐይ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ንጣፍ እንደሚያፈርስ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ላይ ንጣፉ በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚሳሳ አስታወቁ። ከሁለት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ መስከረም 1987፣ መንግሥታት እነዚህን ኬሚካሎች የሚገድበውን ውል፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮልን፣ ፈረሙ። ውሉን ሠሪ ያደረገው የተሳታፊዎቹ ደግነት አልነበረም። ሀብታሞቹ አስቀድመው እንዲያቆሙ፣ በማደግ ላይ ያሉት አሥር ዓመት እንዲታገሡ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የታዳጊዎቹን ወጪ የሚሸፍን ፈንድ ተመሠረተ። ያልፈረመ አገር ከፈራሚዎቹ ጋር በእነዚህ ኬሚካሎች መነገድ ተከለከለ፤ ውጭ መቆም ከመግባት የበለጠ ዋጋ አስከፈለ። ዛሬ የዓለም አገሮች ሁሉ አባል ናቸው፤ ንጣፉን ከሚጎዱት ኬሚካሎች ወደ 99 በመቶው ከጥቅም ወጥተዋል፤ በአብዛኛው ዓለም ንጣፉ እ.ኤ.አ. በ2040 አካባቢ ወደ 1980 ይዞታው ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ በአንታርክቲካ ከዚያ ይዘገያል።

የሚያጭበረብር አይጠፋም ትያለሽ። አዎን፣ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከተከለከሉት ክሎሮፍሎሮካርቦኖች አንዱ፣ ሲኤፍሲ 11 የሚባለው፣ ልቀቱ እንደገና መጨመሩን መሣሪያዎች አሳዩ። በደቡብ ኮሪያና በጃፓን ያሉ ጣቢያዎች የለኩት ተደምሮ በዓመቱ የጭማሪው ትልቅ ድርሻ ከምሥራቅ ቻይና እንደሚመጣ ታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ልቀቱ ወረደ። ጦር አልተላከም፤ ተለካ፣ ተነገረ፣ ታረመ። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ በዚያው ፕሮቶኮል ላይ በተጨመረው ማሻሻያ ደግሞ ምድርን የሚያሞቁትን ሌሎቹን የማቀዝቀዣ ጋዞች ለመቀነስ ተስማሙ፤ ሙሉ በሙሉ ከተፈጸመ እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ግማሽ ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስቀራል።

ከሰልና ነዳጅ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክሎሮፍሎሮካርቦንን ያመርቱ የነበሩት ኩባንያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ነዳጅ ግን በመብራቱም በመንገዱም በማሳውም አለ፤ በእርሱ ሽያጭ ብቻ የሚተዳደሩ መንግሥታትም አሉ። ስለዚህ አንዱን ለሌላው ገልብጪው አልልሽም። የምልሽ ሦስቱን ነገሮች፣ ማለት እንደ አቅም የተደለደለ ግዴታን፣ በጊዜው የሚደርስ ገንዘብን፣ ሁሉም የሚያምነውን የጋራ መለኪያ፣ ከሰነዱ እንዳይወጡ ተሟገቺላቸው ነው። የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያውንም ተመልከቺ፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 ተሠራ፣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች አሻሻሉት፣ ጀርመን ገና ውድ ሳለ ገዝታ ገበያ ፈጠረችለት፣ ቻይና በብዛት አምርታ አረከሰችው። ማንም አገር ብቻውን እዚህ አያደርሰውም ነበር።

ፍትሕን በተመለከተ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ፓኪስታን ከዓለም ልቀት ድርሻዋ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2022 ጎርፍ 33 ሚሊዮን ሕዝቧን ጎዳ። በዚያው ዓመት በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በአየር ንብረት ለውጥ የሚጎዱ ታዳጊ አገሮችን የሚረዳ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ትንንሾቹ የደሴት አገሮች በቫኑዋቱ አማካይነት ጥያቄውን ያነሡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር። ሠላሳ ዓመት! በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ስንቱ ተደራዳሪ እንደ አንቺ ተናዶ መልቀቂያ ጽፎ እንደቀደደው አስቢ። እ.ኤ.አ. በ2019 በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች የነበሩ ወጣቶች፣ ከአንቺ ብዙም የማይበልጡ፣ ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ይሂድ ብለው ተነሡ፤ ቫኑዋቱ ተቀበለቻቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥያቄውን አስተላለፈ፤ ፍርድ ቤቱም ሐምሌ 2025 በሰጠው አስተያየት መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ፣ ለዚህም የመተባበር ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው ተናገረ። አስተያየቱ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም፤ በእጅሽ ይዘሽው ወደ ድርድር የምትገቢበት ነገር ግን ነው። እስካሁን ካላነበብሽው ደግሞ አዝንብሻለሁ።

መቆጣቴ አይክፋሽ። አንቺን የሚተካ ሌላ ሰው ይገኛል የሚሉሽ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እኔ ግን በሌሊቱ ማብቂያ ላይ፣ ሁሉም ሲደክም፣ ባዶው ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲኖር እፈልጋለሁ። አገርሽን መውደድሽን አልነቅፍም፤ ውደጃት፤ ለእርሷም የመከላከያ ሥራ ይሠራ። ለብቻዋ ትድናለች የሚልሽን ግን አትመኚው፤ ለአራተኛ ጊዜ ይሁን ለአምስተኛ እንጃ፣ ብቻ አትመኚው።

አሁን የምነግርሽን ሳትዘገዪ አድርጊ። እስከ ሰኞ ድረስ ምንም ወረቀት አትፈርሚ። ቅዳሜን ሙሉ ቀን አርፈሽ ዋዪ። ታላቅ ወንድምሽ እሑድ ማታ ይደውልልሻል፤ ስልክሽን አትዝጊ፤ ከእርሱ ጋርም ስለ ፖለቲካ አትከራከሪ። የወጣውን አንቀጽ ቃል በቃልና እርሱን የተቃወሙት ያቀረቡትን ምክንያት ገልብጠሽ ላኪልኝ። በተለይ ስለ መረጃ ልውውጥ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር ማየት እፈልጋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው የተቋቋመው የምልከታ ጣቢያዎች ገንዘብ ማስገኛ ፈንድ ለድሆቹ አገሮች ጣቢያ ማቆሚያ ብቻ ሳይሆን ማንቀሳቀሻም እንዲሰጥ የታሰበ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የተቃወሙት አገሮች የሚቀበሉት አገባብ ሊገኝ ይችላል ብዬ አስባለሁ። ሁለት አማራጭ ረቂቆች ጽፌ በሚቀጥለው ሳምንት አደርስሻለሁ፤ የእኔ እጅ ጽሑፍ ካስቸገረሽ እናትሽ ትተይበዋለች።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

አባትሽ